የጥጋብ መርፌ

ይህን ስጽፍ ሁለት ዓይነት ሰዎች በዓይኔ ላይ ይመጣሉ። አንደኛዋ ልብስ ልታሰፋ መጥታ ሜትሩ ወገቧን ሲዞር ትንፋሿን የምትውጥ ሴት ናት። ሌላው መድኃኒቱን ሰው እንዳያይበት ተደብቆ የሚወጋ በሽተኛ ነው። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። አንደኛዋ እኔ ራሴ ነኝ፤ ሌላው አባቴ ነው።

የሺ እባላለሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሴቶች ልብስ እሰፋለሁ። ቀን ሙሉ የሰው ወገብ ስለካ እየዋልሁ የራሴን ግን ለብዙ ዓመት ለክቼው አላውቅም ነበር። ለራሴ የምሰፋውን ቀሚስ በግምት እቆርጥና ሲጠበኝ ከግራና ከቀኝ ጨርቅ እቀጥልበታለሁ። ሦስተኛ ልጄን ከወለድሁ ወዲህ ኪሎዬ መጨመር እንጂ መቀነስ አላወቀም። ያየኝ ሁሉ "ተመችቶሻል" ይለኛል። በእኛ አገር ይህ ምርቃት ነው። ጉልበቴ ግን ምርቃቱን አልሰማም። ከሰገድሁ በኋላ ለመነሣት የሰው እጅ እፈልጋለሁ። አንድ ቀን ባጃጅ ተሳፍሬ ዳገት ላይ ሞተሩ ሲያቃስት፣ ሾፌሩ ዞር ብሎ በትሕትና፣ "እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እዚህች ላይ ትንሽ ቢወርዱልኝ" አለኝ። ወረድሁ። አብረውኝ የነበሩት ሁለት ተሳፋሪዎች ግን አልወረዱም። ዳገቱን እያለከለክሁ ስወጣ ባጃጁ ከላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ልጁ ክፋት አልነበረበትም፤ እሱ ነው ይበልጥ የቆረቆረኝ።

የማይገባው ሰው "አፍሽን ያዢ" ይላል። እኔ የምራበው ሆዴ ባዶ ሲሆን ብቻ ቢሆን ኖሮ እይዘው ነበር። በልቼ እጄን እየታጠብሁ ቀጥሎ ስለምበላው ነው የማስበው። ስፌት ላይ ተቀምጬ፣ ከደንበኛ ጋር እያወራሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እንኳ ከውስጤ አንድ የሚነዘንዘኝ ነገር አለ፤ ዝም አይልም። ጾሙን ሁሉ እጾማለሁ። ጾሙ ሲፈታ ግን የቀረብኝን ሁሉ እክሰዋለሁ። ጠዋት ጠዋት በእግሬ መሄድም ሞክሬያለሁ። ከእግር መንገድ ስመለስ ደግሞ ይበልጥ ይርበኛል።

አንድ ቀን ከደንበኞቼ አንዷ አዲስ አበባ ከርማ ከስታ መጣች። ሜትሩን ሳዞርባት ደነገጥሁ።

"ምነው፣ አመመሽ እንዴ?" አልኋት።

"ኧረ ደኅና ነኝ" አለችኝ እየሳቀች። "በሳምንት አንድ ጊዜ የምወጋው መርፌ አለ። ስኳርም ስላለብኝ ሐኪሜ ነው ያዘዘልኝ። ሆድሽን 'ጠግበሻል' ይለዋል።"

"ሳትበዪ?"

"እበላለሁ እንጂ። ግን ትንሽ በልቼ እተወዋለሁ። ሳልታገል ነው የምተወው።"

ሳልታገል የምትለዋ ቃል አእምሮዬ ውስጥ ቀረች። አዲስ አበባ ያለችውን የአጎቴን ልጅ ለመንኋት፤ እሷም ከታወቀ መድኃኒት ቤት አንዱን አግኝታ ላከችልኝ። እስክርቢቶ ይመስላል፤ ጫፉ ላይ ቀጭን መርፌ ይገጠምለታል። ወረቀቱ ላይ እንደተጻፈው በሳምንት አንድ ጊዜ ሆዴን እየቆነጠጥሁ ወጋሁት። መጀመሪያ ላይ አቅለሸለሸኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ለዓመታት ከጎረቤት ሲጮኽ የኖረ ወፍጮ አንድ ጠዋት ቢቆም ጆሮ እንደሚደነግጠው፣ እኔም በዝምታው ደነገጥሁ። ሳህኑ ላይ ምግብ ተርፎ አይቼው ተነሣሁ። ባለቤቴ ጌታሁን፣ "ምን ሆንሽ?" ብሎ ግንባሬን ዳሰሰኝ። ሥራዬን ስሠራ ሥራዬን ብቻ አሰብሁ። ቀሚሴ ላላ። እንዲህ ነው ለካ ሌላው ሰው የሚኖረው አልሁ።

እስክርቢቶው አለቀ። መድኃኒት ቤቱም ጨርሷል ተባለ። የአጎቴ ልጅ፣ "ታገሺ፣ ሲመጣ እልክልሻለሁ" አለችኝ። ወፍጮው ግን አልታገሠም፤ ተመልሶ ጮኸ። በዚያ ላይ የእናቴ ሙት ዓመት እየደረሰ ነበር። ሙት ዓመት ማለት ዘመድ ሁሉ እየመጣ "ብይ እንጂ! ስለ እሷ ስትዪ ብይ!" የሚልበት ቀን ነው። ፈራሁ። በቴሌግራም የሚሸጥ ሰው አገኘሁና አዘዝሁ። ዕቃው በረዶ ተደርጎበት በአውቶቡስ መጣልኝ። ቀለሙ ከፊተኛው ትንሽ ይለያል። ሻጩን ስጠይቀው በድምፅ መልእክት፣ "እህቴ፣ እሱ አዲሱ ነው፣ ይሻላል" ብሎ የመጠን ቁጥሩን እስከ ስንት እንደማዞረው ነገረኝ። ድምፁ ረጋ ያለ ነበር፤ አመንሁት።

አባቴ የሚኖረው ከቁይ ከተማ ወዲያ ባለች ገጠር ነው። መንደሩ አያ ዓለሙ ይለዋል። ገበሬ ነው፤ በልጅነቱ ዳዊት ደግሟል፤ ንግግሩ ሰምና ወርቅ አያጣም። የስኳር በሽታ ከያዘው ቆይቷል። በየቀኑ ኢንሱሊን እንደሚወጋ እናውቃለን እንጂ ሲወጋ ማናችንም አይተነው አናውቅም። ቅዳሜ ቀን ልጆቹን ከጌታሁን ጋር ትቼ አባቴ ቤት ገባሁ። በሬው ታርዷል፤ ጠላው ተጠምቋል፤ ጠላ ለማይጠጡ ብርዝ በትልቅ ጋን ተበጥብጧል። በማግስቱ እሑድ ማለዳ፣ ለቅዳሴ ከመውጣታችን በፊት ጓዳ ገባሁና መርፌውን ወጋሁ። ቅዳሴ የሚያስቀድስ ሰው እህል ስለማይቀምስ ሆዴ ባዶ ነበር። ለኔ ግን ምንም አልመሰለኝም። በፊተኛውም መርፌ ሳልበላ እውል ነበርና።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከሴቶቹ መካከል ቆምሁ። አክስቴ ደብሬ ከጎኔ ነበረች። ወንጌል ከተነበበ በኋላ ይመስለኛል፣ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ብርድ ነው ብዬ ነጠላዬን ሰበሰብሁ። ወዲያው ላብ በጀርባዬ ወረደ። የሰዉ ነጠላ ሁሉ አንድ ላይ ነጭ ሆኖ ዓይኔ ላይ ተንሳፈፈ። ደብሬን "ልቀመጥ" ልላት ፈልጌ አፌ ሌላ ነገር ሲናገር ተሰማኝ። ምን እንዳለ ግን አላውቅም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ጥቂት እኔ አላየሁትም። አባቴ፣ ደብሬና ሰይድ እየተቀባበሉ የነገሩኝን ነው የምነግራችሁ። ሰይድ የቁይ ነጋዴ ነው። ሙስሊም ነው። ከአባቴ ጋር ከወጣትነታቸው ጀምሮ የከብት ገበያ ያቆራኛቸው ወዳጆች ናቸው። የእናቴ ሙት ዓመት አይለፈኝ ብሎ ፒክአፑን ይዞ መጥቶ ከግቢው በር ውጭ ጥላ ላይ ቁጭ ብሎ ቅዳሴው እስኪያልቅ ይጠብቅ ነበር።

መጀመሪያ ሳቅሁ አሉ። ጸጥ ባለው ግቢ ውስጥ ከት ብዬ ሳቅሁ። ደብሬ፣ "ምነው ልጄ፣ ምነው?" ብላ ክንዴን ስትይዘኝ ገፈተርኋት፤ የማይባል ስድብም ሰደብኋት። ነጠላዬን ጣልሁ። ከዚያ ሣሩ ላይ ተዘረርሁ። ዓይኔ ፈጥጧል፤ ጥርሴ ገጥሟል።

ሴቶቹ ተንጫጩ።

"መንፈስ ነው! ለፈለፈ እኮ!"

"እናቷ ናት የጠራቻት፣ በሙት ዓመቷ!"

"ጸበል! ጸበል አምጡ! ያዟት እንዳትነሣ!"

ሁለት ጎልማሶች እጄንና እግሬን ይዘው ወደ ጸበሉ ቦታ ሊሸከሙኝ ተነሡ። ጸበሉ ከገደሉ በታች ነው፤ ቁልቁለቱ ረጅም ነው። በዚህ መሐል አባቴ ከወንዶቹ በኩል ሰዉን እየሰነጠቀ መጣ። ሮጦ አልነበረም ይላሉ፤ ቶሎ ቶሎ እየተራመደ ነው። ተንበረከከና አንገቴን ዳሰሰ። እጁን አንሥቶ መዳፉን አየው። በላብ ርሷል።

"አስቀምጧት" አለ።

"አያ ዓለሙ፣ ጸበል ትድረስ እንጂ!" አለው አንዱ።

"አስቀምጧት አልሁ! ላቧን ንኩት። ቀዝቃዛ ነው። ይህን ላብ እኔ አውቀዋለሁ፤ የኔ ላብ ነው። መርፌዬን ወግቼ እህል ሲዘገይብኝ እንዲህ ነው የምሆነው። ስኳሯ ወርዷል።"

"የሺ ደግሞ መቼ ስኳር አለባትና?" አለች ደብሬ።

"እሱን አላውቅም። ላቡን ግን አውቃለሁ።"

ከኪሱ ከረሜላ አወጣ። ሁልጊዜ ይዞ ነው የሚሄደው። አፌ ላይ ካደረሰው በኋላ ግን መለሰው። "ይህ ያንቃታል። መዋጥ አትችልም። ማር! ማር ያለው ሰው!"

እዚህ ላይ ነው ሰዉ ለሁለት የተከፈለው። እኩሌታው ቅዳሴ ሳያልቅ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ያውም መንፈስ ለያዘው ሰው እህል ማቅመስ ነውር ነው አለ። እኩሌታው ዝም አለ። አባቴ ብቻውን ተንበርክኮ ራሴን ጭኑ ላይ አድርጎ "ማር!" ይላል። ድምፁ መሰበር ጀምሮ ነበር አለኝ ሰይድ። ጩኸቱን ሰምቶ እስከ በሩ መጥቶ ነበርና።

የአባቴ የነፍስ አባት መምሬ አየነው በዚያ ቀን የመቀደስ ተራቸው አልነበረም። ሽማግሌ ናቸው፤ በትራቸውን ተደግፈው መጡ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው።

"አያ ዓለሙ፣ ማሩ ካልደረሰላት ምን ትሆናለች?" አሉት።

"ትሞትብኛለች አባቴ።"

መምሬ አየነው ለአፍታም አላቅማሙም። ወደ ሰዉ ዞሩ። "ቤቴ ቅርብ ነው፤ ሂዱና ለባለቤቴ ማር ስጪን በሏት። ጸበሉንም በዕቃ ቅዱና አምጡ። ማሩም የእግዜር ነው፤ ጸበሉም የእግዜር ነው። ልጅቱን ለሁለት እየጎተታችሁ አትግደሏት።"

ማሩ መጣ። አባቴ ጣቱን ነክሮ ከንፈሬን ገለጠና ድዴን፣ የጉንጬን ውስጥ ቀባ። ደጋግሞ ቀባ። መምሬ አየነው በመስቀላቸው እየባረኩ አጠገቡ ቆሙ። ጎልማሶቹም የያዙትን እጅና እግር ለቀቁ።

እኔ ያን ጊዜ የማስታውሰው የማር ጣዕም ነው። ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ጨለማ ውስጥ ሆኜ ጣፈጠኝ። ከዚያ የአባቴ ሽበት ያለው ጺም ታየኝ። ጸበሉም ደርሶ ነበርና ማሩን በጸበሉ በጥብጠው በጽዋ አጠጡኝ። ተንሰፍስፌ ጠጣሁት።

"ማነኝ እኔ?" አለኝ አባቴ።

"አባቴ" አልሁት።

ሴቶቹ እልል አሉ። አባቴ ግን እልልታውን አልተቀበለም። ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ "የሺ፣ ምን ተወጋሽ?" አለኝ።

ዓይኔን ከዓይኑ አሸሸሁ።

"ልጄ፣ ለመቆጣት ጊዜ የለኝም። እኔን ከመርፌ በቀር እንዲህ የሚያደርገኝ ነገር የለም። ንገሪኝ።"

"የውፍረት መርፌ" አልሁት። "ጓዳ ባለው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ እንዳይሞቅ ፔርሙዝ ውስጥ አድርጌዋለሁ።"

ሊጮህብኝ ይችል ነበር። ሰይድን ጠራው። "ሰይድ፣ መኪናህን አስነሣ። መርፌው ገና ደሟ ውስጥ ነው፤ ማሩ ሲያልቅ መልሶ ይጥላታል።" ለደብሬም፣ "እናንተ ድግሱን አብሉ፤ እኔን አትጠብቁ። በቤት በኩል እናልፋለን፤ ብርዙን በጄሪካን ቅዱልኝ፤ ቦርሳዋንም አምጪልኝ" አላት።

ፒክአፑ ውስጥ ከኋላ ወንበር ራሴን አባቴ ትከሻ ላይ ጥዬ ተቀመጥሁ። ሰይድ ድንጋያማውን መንገድ ይበረዋል። አባቴ በየኩርባው ብርዝ ያጎነጨኛል። ደኅና የሆንሁ መስሎኝ፣ "ይብቃ፣ እንመለስ፤ ሰዉ መጥቶ" አልሁ። ወዲያው እጄ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረ። ብርዙ በአገጬ ፈሰሰ። ቁይ ጤና ጣቢያ በር ስንደርስ ስሜን ሲጠሩኝ እሰማለሁ፤ መመለስ ግን አልቻልሁም።

ተረኛዋ ነርስ ጣቴን ወግታ የደም ጠብታ በመለኪያው ላይ አደረገች። መለኪያው ቁጥር እንኳ አልሰጠም፤ "እጅግ ዝቅተኛ" የሚል ምልክት ብቻ ነው ያሳየው። ደም ሥሬን ፈልጋ ግሉኮስ ገፋችልኝ። ዓይኔን ስገልጥ ጣሪያው ላይ የተቃጠለ አምፖል አየሁ፤ ቀጥሎም አባቴን። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ግድግዳው ሥር ቆሟል። እንደዚያ ትንሽ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ነርሷ፣ "ነቃች ብላችሁ ወደ ቤት እንዳትመልሷት" አለችው። "ምን እንደወሰደች አናውቅም። ማርቆስ ሆስፒታል ትድረስ።"

"ወደዚያው ነን" አላት።

የግሉኮሱን ከረጢት ሰይድ ከመኪናው የውስጥ መያዣ ላይ በአንገት ልብሱ አሰረው። እየተወዛወዘ ይንጠባጠባል። መንገዱ ረጋ ሲል አባቴ ከቦርሳዬ እስክርቢቶውን አወጣና አገላብጦ አየው።

"የምን መርፌ ነው ያልሽኝ?"

"ረሃብ የሚያጠፋ። ትንሽ በልቶ ጠገብሁ የሚያሰኝ።"

"ጥጋብ ሰው ይጥላል ሲሉ እሰማ ነበር። በመርፌ ሲገባ ግን ዛሬ ማየቴ ነው" አለ።

ሰይድ ከፊት ሳቁን መያዝ አልቻለም። እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ወደ ልቅሶ ተለወጠብኝ። እዚያው አባቴ ትከሻ ላይ ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገርሁት። ወፍጮውን፣ ከእጅ መታጠቢያው ላይ የሚጀምረውን ሐሳብ፣ ባጃጁን፣ ዳገቱን። "አባቴ፣ እርስዎ ክፉ ቀን ያዩ ሰው ነዎት። እህል እያለኝ ራበኝ ማለት አፍሬ ነው" አልሁት።

እጄን ያዘኝ። "ረሃብን አይቻለሁ፤ እህል ሲጠፋ የሚመጣውን። እህል ሞልቶ የሚመጣ ረሃብ መኖሩን አላውቅም ነበር። ካለ አለ ነው። የሚያሠቃይሽን አንቺ ነሽ የምታውቂው።" ወደ መስኮቱ ዞረ። "እናትሽ ስትወፍሪ ደስ ይላት ነበር። ልጄ አልተቸገረችም ትል ነበር። ጉልበትሽን እንደሚያምሽ ብታውቅ አትልም ነበር።"

ከዚያ እሱ ደግሞ ተናገረ። በሽታው የያዘው ሰሞን ሐኪሙ በየቀኑ ተወጋ ሲለው ለሰው መናገር ሞት መሰለው። "አያ ዓለሙ አለቀለት" እንዳይሉት፣ ለእርሻ ደቦ የሚጠራው እንዳይጠፋ ፈራ። መርፌውን በረት ውስጥ፣ ከላሟ ጀርባ ቆሞ ነበር የሚወጋው። እናቴ እንኳ ያወቀችው በረት ውስጥ ወድቆ ስታገኘው ነው። ላሟ ፊቱን ስትልሰው ደረሰች።

"ከዚያ ወዲያም እናንተ ፊት ወጋሁ?" አለኝ። "አልወጋሁም። መደበቁን ከማን ተማርሽው እንዳልል፣ ከኔው ነው።"

ሰይድ መሪውን እንደያዘ፣ "እናንተ አባትና ልጅ" አለ፣ "ቀድማችሁ ብታወሩ ኖሮ ዛሬ እናንተ ሥጋችሁን ስትበሉ፣ እኔም ብርዜን ስጠጣ እንውል ነበር።"

ሆስፒታል ስንደርስ ጌታሁን በሩ ላይ ነበር፤ ሰይድ ደውሎለት ነው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ሁሉን ከሰማች በኋላ እስክርቢቶውን ተቀበለችና ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛው ሄደች። የተለጠፈበትን ወረቀት ጠርዝ በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገችው። ተላጠ። ከሥሩ ሌላ ወረቀት ብቅ አለ። አባቴን ጠራችው።

"አባቴ፣ እርስዎ የሚወጉት መድኃኒት ስሙ ማን ነው?"

"ኢንሱሊን።"

"ይኸውልዎ። ይህም እሱ ነው። የውፍረት መድኃኒት ወረቀት ለጥፈውበታል። ያውም ረጅም ሰዓት የሚሠራው ዓይነት፤ የወጋችውም ብዙ ነው።"

ጌታሁን ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ሐኪሟ ወደኔ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እንደምትገሥጸኝ ጠብቄ ነበር፤ አልገሠጸችኝም።

"የፈለግሽው መድኃኒት እውነተኛ ነው" አለችኝ። "ምግብ ሲገባ ከአንጀታችን ወደ አንጎል 'በቃ፣ ጠግበናል' የሚል መልእክት የሚያደርስ ሆርሞን አለ። መድኃኒቱ የዚያን ሆርሞን ድምፅ አስመስሎ ይናገራል። አንዳንድ ሰው የራሱ መልእክት በደንብ አይሰማለትም። ያ ስንፍና አይደለም፤ ሆዳምነትም አይደለም። ግን እኛ መርምረንሽ፣ የሚስማማሽና የማይስማማሽ ተለይቶ፣ ከታወቀ ቦታ ተገዝቶ ነው የሚወሰደው። አሁን ግን ይህ እስኪወጣልሽ ከዚህ አልጋ አትነሽም።"

ስንፍና አይደለም ስትል ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። እንባዬን ማንም እንዲያይ አልፈለግሁም። በዕድሜዬ ሙሉ ያን ቃል የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ያን ዕለት ግሉኮሱ እየተንጠባጠበ፣ ጣቴ እየተወጋ፣ ስኳሬ እየወጣና እየወረደ ዋለ፤ አደረም። አባቴ ወደ ቤት ሂድ ቢሉት እምቢ አለ። የራሱ መርፌ አገር ቤት ቀርቶ ነበርና ሐኪሟ ከሆስፒታሉ አሰጠችው። ከአልጋዬ አጠገብ፣ ነርሶች እያዩት፣ አስታማሚ እያየው፣ ሸሚዙን ገለጥ አድርጎ ሆዱን ወጋ። ሲወጋ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ነቃሁ። ነርሷ ጣቴን ወግታ መለኪያውን አየችና፣ "ቆመ፤ ከዚህ በኋላ አይወርድም" አለች። አባቴ አማተበ። እኔ ደግሞ ከሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። ከወፍጮው ጩኸት ይለያል። ባዶ ሆድ፣ ጤነኛ ሆድ ነው።

"አባቴ" አልሁት፣ "ራበኝ።"

ሽማግሌው እንደ ሕፃን አለቀሰ። ጌታሁን ከውጭ ፍርፍር ይዞ መጣ። አባቴ እጁን ታጥቦ፣ እንደ ሙሽራ እያጎረሰ አበላኝ። በቃኝ ስል አልገፋፋኝም። "በቃሽ? እንግዲያ በቃሽ" ብሎ ሳህኑን አነሣ። በእኛ ቤት እንዲህ ብሎ ሳህን ያነሣ ሰው አላየሁም።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ታሪክ "መርፌውን አትንኩ" የሚል ምክር የምሰጥ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ያ መድኃኒት ውሸት አይደለም። ውሸቱ ረጋ ባለ ድምፅ ወረቀት ለጥፎ የሸጠልኝ ሰው ነው። ለፖሊስ አመለከትን፤ የቴሌግራም ገጹ ግን በዚያው ሰሞን ጠፍቷል፤ ሰውዬውም እስካሁን አልተገኘም። ምናልባት በሌላ ስም እየሸጠ ይሆናል። ስለዚህ ነው ይህን የምጽፈው።

ከተሻለኝ በኋላ ያችው ሐኪም ምርመራዬን ሁሉ አሠራችልኝ። ስኳሬም ከወሰኑ አልፎ ነበር። አሁን የሐኪም ማዘዣ ይዤ፣ መድኃኒቱ ሲገኝ ከታወቀ መድኃኒት ቤት አስመጥቼ እወጋለሁ፤ ሲጠፋም ጠፋ ብዬ ለሐኪሟ እነግራታለሁ፤ እሷም ምን እንደምናደርግ ትነግረኛለች። ቀጭን አልሆንሁም። ዳገቱን ግን በእግሬ እወጣለሁ። ሱቄ ውስጥ ትንፋሿን የምትውጥ ሴት ስትመጣ ሜትሩን አስቀምጬ፣ "እኅቴ፣ ተንፍሺ፤ ልብሱ ለአንቺ ይሰፋል እንጂ አንቺ ለልብሱ አትሰፊም" እላታለሁ። ከዚያ የራሴን እነግራታለሁ። ስንቱ እንደሚያለቅስ ብታዩ!

መንፈስ ነው ያሉትንም ሰዎች አልቀየምኋቸውም። ሊያድኑኝ ነበር የተሸከሙኝ። መምሬ አየነው ግን ከዚያ ወዲህ ሰው በወደቀ ቁጥር፣ "ጸበሉ ይቅረብ፤ አያ ዓለሙንም ጥሩት" ይላሉ አሉ። አባቴ መርፌውን አሁን በደጁ፣ መደቡ ላይ ተቀምጦ ነው የሚወጋው። የሚጠይቀው ሰው ሲመጣ ያሳየዋል። ሁለት ጎረቤቶች፣ "እኔም ውሃ ጥሙ አላስቀምጥ አለኝ" ብለው ቁይ ሄደው ተመርምረዋል።

እኔና አባቴ ድሮ በስልክ የምንነጋገረው ለበዓልና ለመርዶ ነበር። አሁን በየጠዋቱ ይደውላል። እንደምን አደርሽ እንኳ አይልም።

"በልተሻል?" ይለኛል።

"በልቻለሁ። እርስዎስ ወጉ?"

"ወግቻለሁ፤ በልቻለሁም።"

"እንግዲያ ደኅና ዋሉ አባቴ።"

"ደኅና ዋይ ልጄ" ይልና ይዘጋዋል።